ነቅቻለሁ ያልኩበት ጠዋት

ይድረስ ለአባባ ዎፕከ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? ንፋሱ የጣሪያውን ክዳን እንደገና አነሳው ወይስ የመቱት ምስማር ያዘለት? ሂስከ ሳሉ እንደለቀቀዎት ነግራኛለች፤ ግን እህቴ እኔ እንዳልጨነቅ የማትለው ስለሌለ ከራስዎ አፍ ብሰማው ይሻለኛል። የልጅ ልጅዎ ዬልከስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ደቡብ በረዶው ቀልጦ አልቋል፤ ባሕሩን ከማጣቴ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

“ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?” ባሉኝ ቁጥር እንደ ነገሩ እየመለስኩ አልፌያለሁ። ዛሬ በቅጡ ልንገርዎ። በጎ ፈቃደኞች ክኒን ይውጣሉ። አንዳንዱ ክኒን የሚያስተኛ ነው፣ አንዳንዱ የሚያነቃቃ፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የሌለበት ባዶ። ማን የትኛውን እንደዋጠ ዋጪውም እኛም አናውቅም፤ ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ ተቆልፎበታል። ከዚያ ኮምፒውተር ፊት እናስቀምጣቸዋለን። መብራት ብልጭ ሲል አዝራር ይጫናሉ፣ ወዲያ ወዲህ የምትሸሽ ነጥብ በእጀታ ያሳድዳሉ፣ አይተውት የጠፋ ቁጥር አስታውሰው ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አሥር ሴንቲ ሜትር መስመር የተሰመረበት ወረቀት እንሰጣቸዋለን። በግራ ጫፉ “ደንዝዣለሁ”፣ በቀኝ ጫፉ “ፍጹም ንቁ ነኝ” ይላል። በመካከል የተሰማቸው ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ የራሳችን ልማድ አለን። ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ማን ምን እንደዋጠ እንወራረዳለን፤ የተሳሳተ ለሁሉም የቼሪ ኬክ ይዞ ይመጣል። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ኬክ ይዤ አልመጣሁም። አለቃችን ፊን “አንቺስ የጠንቋይ ዘር ሳትሆኚ አትቀሪም” እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔም ልቤ አብጦ ነበር፤ አልዋሽዎትም።

ባለፈው ወር መፈተኑ ለእኔ ደረሰኝ። ሌላውን የሚፈትን ሁሉ አንዴ ራሱ መፈተን አለበት፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። እዚያው አደርኩና ከመተኛቴ በፊት የደረሰኝን ክኒን ዋጥኩ። ጠዋት ስነሳ እንደ እንቦሳ ልፈነጭ ምንም አልቀረኝም። መስመሩ ላይ ምልክቴን ቀኝ ጫፉ ጋ አሳረፍኩ፤ ፈተናውንም እያፏጨሁ ጨረስኩት። ፊን እንደ ማንኛውም ተፈታኝ ታክሲ ልትጠራልኝ ስልክ ስታነሳ “ብስክሌቴ ደጅ ቆሞ ለምን ብዬ! እኔ እንደሆነ ዛሬ ከሁላችሁም በላይ ነቅቻለሁ” አልኳት። እሷ እቴ! ወጣችና ብስክሌቴ ኮርቻ ላይ ጉብ አለች። “ነይ እንግዲህ፣ ከነእኔ ንጂው” አለችኝ። ከመናደዴ የተነሳ ታክሲው ውስጥ ሆኜ እጇን ስታወዛውዝልኝ ፊቴን አዞርኩ። ባዶው ክኒን ነው የደረሰኝ ብዬም ተወራረድኩ።

ማክሰኞ ፖስታው ተከፈተ። የደረሰኝ የእንቅልፍ ክኒን ነበር። አባባ፣ ያው እርስዎ ራስጌዎ የሚያስቀምጡት ዓይነት ነው፤ ያውም በግማሽ መጠን። ፊን ውጤቴን አውጥታ አሳየችኝ። ከሌላ ቀኔ ጋር ሲተያይ የዚያን ጠዋት እጄ የሰከንድ ስምንተኛ ያህል ዘግይቷል። በስድሳ የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት ሁለት ሜትር ያልፋል። ይሁን ልበል። ግን አራት ጊዜ መብራቱ በርቶ ጭራሽ አዝራሩን አልነካሁም። እኔ መብራት አላየሁም፤ ማሽኑ መዝግቦ ባያሳየኝ ኖሮ አልበራም ብዬ እምል ነበር። ኬኩን ገዝቼ አመጣሁ፤ እኔ ግን አንድ ቁራሽ እንኳ አልቀመስኩም።

ለምን እንደሆነ ሳይገባዎት አይቀርም። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ክኒን እየዋጡ በማግስቱ የትምህርት ቤቱን መኪና ይነዳሉ። ሰባት ልጆች ይዘው፤ ዬልከ ከፊት ወንበር። በጥር የመኪናው የጎን መስታወት የግድቡን በር ምሰሶ ሲመታ፣ ምሰሶውን ያዘመመው ንፋሱ ነው ብለው ነበር። ባለፈው እሑድ በስልክ ስጠይቅዎ “ልጄ፣ ጠዋት ጠዋትማ ከጎረምሳ ይልቅ ንቁ ነኝ” አሉኝ። እንዳልዋሹኝ አውቃለሁ። እኔም ፊንን አልዋሸኋትም ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ያቺ የትምህርት ቤት መንገድ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች፤ ፈርቻለሁ አባባ።

ስለዚህ ትላንት ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለሪክስት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ከሰኞ ጀምሮ መኪናውን ሂስከ ትነዳለች። ከጀርባዎ ነው ያደረግኩት፤ ብጠይቅዎ እምቢ እንደሚሉኝ ስለማውቅ አልጠየቅኩዎትም። መኪናው ከአልጋዎ የሚያስነሳዎ አንድ ነገር እንደሆነም አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ነው የወሰድኩብዎት። ክኒኑን ግን በእልህ በአንድ ጊዜ እንዳይተዉት፤ ድንገት መተው የራሱ ጣጣ አለው። ረቡዕ ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ቀስ በቀስ ያስቀንስዎት፤ ቀጠሮውን ሂስከ ይዛልዎታለች።

እርስዎ የሕይወት አድን ጀልባው አዛዥ ሳሉ፣ አጎቴ ቲመንን አንድ ብርጭቆ በመጠጣቱ ብቻ ወደቡ ላይ ጥለውት ወጥተዋል። ሰከርኩ ወይ እያለ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸ፤ ክረምቱንም ሙሉ ቤታችን አልረገጠም። እማማ “ሂድና ታረቀው እንጂ፣ ወንድምህ አይደለም?” ስትልዎት “ያኩርፍ፤ ካኮረፈ አለ ማለት ነው” አሏት። ይቅርታም አልጠየቁትም። እኔም አልጠይቅዎትም። ያኩርፉኝ፤ እችለዋለሁ።

ሂስከ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልፉን ልትቀበልዎ ትመጣለች። የላኳት እኔ ነኝና አይጩኹባት። ለእሷና ለባሏ ለያፒክ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሃርማ ስለላኩልኝ ካልሲ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ሪክስት መኪናው ውስጥ አብሮ እየሄደ ልጆቹን የሚያሳፍርና የሚያወርድ ትልቅ ሰው እፈልጋለሁ ብላኛለች። ዬልከን ጉንጯን ይሳሙልኝና፣ ሰኞ ጠዋት አያትሽ አጠገብሽ ይቀመጣሉ ብለው ይንገሩልኝ። መንገሩም መተዉም የእርስዎ ነው።

የምትወድዎት ልጅዎ
ቪትስከ

ማስትሪክት፣ ሐሙስ ማርች 6 ቀን 1997