የአማት አናትና የናና ቅባት

ውዷ ጓደኛዬ፣

የዚህ ከተማ ሙቀት ሊያቀልጠኝ ሲል ፀጉር ቤት ገባሁልሽ። ፀጉር አስተካካዩ የሚወዳትን ልጅ አባት እየላጨ፣ ልጃቸውን እንዲድሩለት በላብ ተነክሮ ይለማመጣቸዋል። የናና ቅባት አናታቸው ላይ ሲያሽላቸው ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ብርድ መታኝ! መስኮቱን ዝጋ!»

መስኮቱ እኮ ዝግ ነው! እኛ ሰፈር ቢሆን ይሄኔ ብርዱ የገባበትን ቀዳዳ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጥተናል።

«አባባ፣ ናናው ብርድ የሚያውቀውን ነርቭ ያታልለዋል እንጂ አናትዎ አልቀዘቀዘም።»

ሽማግሌው አናታቸውን ዳሰሱት፤ እሳት ነው።

«ገና ሳልድርልህ አናቴን ካታለልክ፣ ስድርልህ ልጄን ምን ልታደርጋት ነው?»

ቅዝቃዜው ግን ጥሟቸው ኖሮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘረጉለት።

«በል እዚህም ቀባ እንጂ፣ ሙሽራው!»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን፣ ልጆቹን፣ ያቺን ነገረኛ ጎረቤታችንንም ጭምር ሳሚልኝ።