ተስኒም በር ላይ

ውድ ጽጌ፣

ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ካረፍሁበት ቤት ፊት ለፊት ባለው የመንግሥት አፀደ ሕፃናት በር ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ተስኒም የምትባል የአራት ዓመት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም አለች። እናቷ ሉባባ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሱቅ ለመክፈት ቸኩላለች። መምህር መልካሙ ልጅቱን አልጎተታትም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለና «እስክትጨርሺ እጠብቅሻለሁ፤ አልቅሺ» አላት። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ «እማ፣ ሂጂ በቃ፤ ደንበኛ ይጠብቅሻል» ብላ እጁን ይዛ ገባች። አሁን ደግሞ ሉባባ አለቀሰች!

መልካሙን የቀሩትን ልጆች ማን እንደያዘለት ብጠይቀው፣ ሁለት የሠለጠኑ ረዳቶች እንደተቀጠሩለት ነገረኝ። አንቺ ግን እዚያ ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ስልሳ ሕፃን እያስተማርሽ ማን አጠገብ ትቀመጫለሽ? ጻፍሁት ያልሽኝን የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገቢ፤ ስመለስ ትምህርት ቢሮ አብረን ሄደን ረዳት እንጠይቃለን።

ፖስትካርዱ ጠበበኝ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ዜማ