የአምስቱ ሚዜዎች ፎቶ

አባባ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዓመት አለፈው» ብዬ አሳጥረዋለሁ እንጂ አራቱን ወር አንድም ቀን ዘልያቸው አላውቅም። በሕይወት ሳለህ የምጽፍልህ «ስትመጣ ዳቦ ያዝ» የሚል መልእክት ብቻ ነበር፤ እሱንም አታነበውም። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ይህን ነገር ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ሳሎን የሰቀልካቸውን ፎቶዎች በሙሉ አውርዳ የላሟን ብቻ ትታለች። ለምን ስላት፣ ላሟን ሳያት አላለቅስም አለችኝ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፀጉሩን አሳድጓል፤ ብታየው መቀስ ይዘህ ታባርረው ነበር። ያንተን ክፍለ ጊዜ የያዘው ወጣት የሒሳብ መምህር ጠመኔ አይወረውርም አሉ። ተማሪዎችህ ቀብርህ ላይ ከልባቸው አልቅሰዋል፤ በማግስቱ ግን እፎይ እንዳሉ ነው የምሰማው። እዚህ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ የኛ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለታል፣ እኛ በር ጋ ሳይደርስ ግን ቆመ።

ካሜራህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ክረምት ከነቆዳ ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጊው፣ የተቆላ ሩዝ በጨርቅ ቋጥረሽ ከጎኑ አስቀምጪ፣ የነቀምቴ ክረምት ለሌንስ አያዝንም ስትለኝ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነበር የምሰማህ። መስከረም ላይ ስከፍተው ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ተዘርግቶ አገኘሁት። አሁንም የማነሳው በዚያው ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ካልመጣች አያስታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ስለማልገባ እንዳንተ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እወጣለሁ። የነገርከኝ ሁሉ ልክ ሆኖ መገኘቱ ያበሽቀኛል። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሜዳ ላይ ካቆምሽ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል፣ በረንዳ ሥር አስገቢውና ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሪው ትል ነበር። ማንጎ ሥር ጥላ አለ ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ቅጠሉ ፊታቸውን አረንጓዴ ያደርገዋል ትል ነበር፤ አንዲት ሙሽራ አረንጓዴ አድርጌ አረጋገጥኩልህ። ነጠላ የለበሰች ሴት ስታነሺ ብርሃኑን ከፊቷ እንጂ ከነጠላዋ አትለኪ። ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ። ባጃጅ ውስጥ ካሜራ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ንዝረቱ ብሎኑን ያላላዋል። በጊዳ አያና መንገድ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳሽ ውስጥ ሳያገኘው አንቺው ቀድመሽ አሳዪው። ይህ የመጨረሻው አሁን አይጠቅመኝም፣ ወደዚያ የምሄድበት ምክንያት የለኝም።

ሌላም ሕግ ነበረህ። ሦስት አንሺ፣ አንዱን አስቀሪ፣ ሁለቱን በዚያው ቀን አጥፊ። ያልሆነ ፎቶ የሚያስቀምጥ ሰው ቆሻሻ የሚያጠራቅም ሰው ነው ትለኝ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያነሳኋቸውን አርባ ፎቶዎች አጠገቤ ተቀምጠህ አንድ በአንድ ስትሰርዝ፣ እያንዳንዱን ለምን እንደማይረባ ስትነግረኝ፣ ሁለት ብቻ አስቀርተህ «እነዚህም ያን ያህል አይደሉም» ስትለኝ፣ ጠልቼህ ነበር። ከዚያም ደብተሩ አለ። ሰው አንስተህ ስሙን ሳትጽፍ ወደ ቤት አትመለስም። አሥራ አንድ የተማሪ ደብተር ሞልተህ ትተሃል፣ ፎቶው በቁጥር፣ ከጎኑ የሰዎቹ ስም በዚያ በሚያምር የመምህር እጅ ጽሑፍ። እማዬ ልታቃጥላቸው ስትል ለምኜ ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ምናለ በተቃጠሉ።

ለሠርግ አያና ስትሄድ አዴ ብርቄን አይተሃት ይሆናል። ከጊዳ አያና ናት። አንተ ካለፍክ በኋላ ቤቷ ሲቃጠል ሸሽታ ነቀምቴ ገባች፤ ከኛ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት የሰው ጥላ እንጂ ፊት አታይም ነበር። አንድ ልጇ ገመቹ መሬቱን ትቼ አልሄድም ብሎ እዚያው ቀረ። አንተ ከሞትክ ከአምስት ወር በኋላ መሞቱ ተሰማ። አብረውት ይሸሹ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተመትቶ ሲወድቅ አይተዋል፤ እነሱም ሮጠው ነው የተረፉት። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሬሳውን ሊያመጣ የሄደ የለም።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለህ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚታይ ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ወንበር ላይ ትልቅ ፎቶ ይቀመጥና ሰው ወደ እሱ እያየ ያለቅሳል። አዴ ብርቄ ግን የልጇ አንድም ፎቶ አልቀረላትም፣ ሁሉም ከቤቱ ጋር ሄዷል። እጇን በሰው ትከሻ ላይ አድርጋ እኛ ቤት መጣች። አያና ለሠርግ መጥቶ ልጆቹን ያነሳ ባርሲሳ ነበር አለች፣ መምህሩ ማለቷ ነው። ስምህን እንኳ አታውቅም። ያ ባርሲሳ እዚህ ሰፈር ነው ብለው ነግረዋት ነው የመጣችው። አንተ የለህም ልላት አፌን ስከፍት እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ በራሷ ሐዘን ላይ አትጨምሪባት ማለቷ ነበር። አባቴ አገር ቤት፣ ወሎ፣ ሄዷል አልኳት። ለአንድ ቀን የሚሆን ውሸት ነበር።

ፎቶውን አገኘሁት። አምስት ሚዜዎች፣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተሰልፈዋል። ደብተሩ ላይ አምስት ስም አለ፣ ገመቹ ሦስተኛው ነው። ከግራ ቆጥሬ ሦስተኛውን፣ መሐል የቆመውን ረጅሙን፣ ፈገግታ ያለውን ልጅ ቆርጬ አውጥቼ አሳደግሁት። ቆንጆ ሥራ ሠራሁ አባባ። ከኋላው ያለውን ግድግዳ አደበዘዝኩ፣ የፊቱን ጥላ አነሳሁ፣ ማተሚያ ቤት ወስጄ በሸራ ላይ አሳተምኩት። አንተ ራስህ «ይሄ ያን ያህል አይደለም» ማለት አትችልም ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው የሰፈርና የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ገመቹን ያየው አልነበረም። ዘመዶቿ የት እንደተበተኑ አይታወቅም። አዴ ብርቄ ፎቶውን አቅፋ በጣቷ ፊቱን እየዳሰሰች ሦስት ቀን አለቀሰች። ያምራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ያምራል አልኳት። ከዚያ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሰቀለችው፣ ጠዋት ተነስታ ሰላም ትለው ነበር።

ባለፈው ወር ሞራ በነፃ የሚያወጡ ሐኪሞች መጡ ተባለ። ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፣ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። በሰልፉ ላይ ተቀምጣ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የልጇን ፊት ለማየት። ፋሻው ከተነሳ በኋላ ነርሷን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ እየመራሁ ቤቷ አስገባኋት። ዓይኗ እያነባ ፎቶው ፊት ቆመች። ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ኢንታላ ኮ፣ ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

ልጄ ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሳቀች። እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። የሞተው ይሄ ነው፣ ሰዎቹ ያዩት ይሄን ነው፣ ገመቹ አልሞተም አለች። ጥቁር ሻሿን ፈትታ ወረወረችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ፎቶውን ተሳስቼ ነው ማለት። አላልኩም። እሷን እንዲህ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ወደ ቤት ሮጬ ሙሽራውን ፈለግኩት። አሁን ቢላ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው፤ ፎቶውን በስልክ ላክሁለት። ገመቹ በቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው ነው አለኝ። ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ነው የተጻፈው ስለው፣ አባትሽ ስማቸውን የጻፈው ዕድሜያቸውን እየጠየቀ ከትልቁ ጀምሮ ነው አለኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ማዕድ ላይ ከትልቅ ይጀመራል፣ ሰላምታ ከትልቅ ይጀመራል፣ አንተም ታናሹን አስቀድመህ መጻፍ ድፍረት መስሎህ አሥራ አንድ ደብተር ሙሉ ሰውን በዕድሜ ደረደርከው። የት እንደቆሙ ራስህ ውስጥ ነበር። ራስህን ይዘህ ሄድክ። ባንተ አክብሮት ምክንያት እናት ለባዳ ፊት አለቀሰች።

ገና አላለቀም። በቀኝ መጨረሻ ያለው ልጅ ዓይኑን ጨፍኗል። ፍላሹ ብልጭ ብሎበት ይሆናል። ሌሎቹን ሁለት ልፈልግ ፎቶዎችህ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ሙሉ አገላበጥኩ፤ የሉም። ደብተሩ ጠርዝ ላይ «ሁለቱ ተሰርዘዋል፣ መሐል ያለው ያማረበት ቀርቷል» ብለህ ጽፈሃል። ከሠረዝካቸው በአንዱ ገመቹ ዓይኑን ገልጦ ነበር ይሆናል። በዚህ ዓለም ላይ ከዚያ ሌላ ፎቶ አልነበረውም፣ አንተ ደግሞ ቆሻሻ አታጠራቅምም።

አሥራ አንድ ቀን አዴ ብርቄ ነጭ ለብሳ መናኸሪያ ዋለች። ከአያና የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም በር ላይ ቆማ የሚወርደውን ሰው ፊት በአዲሱ ዓይኗ ታያለች። ረዳቶቹ መጀመሪያ ያዝኑላት ነበር፣ በኋላ ይገፏት ጀመር። በቢሮዬ መስኮት ስታልፍ አያታለሁ፣ ትስቅልኛለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያን ዓይኑን የጨፈነውን ፊት አሳድጌ አሳተምኩና ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራት ነበር፣ ደብተሩን፣ ቁጥሩን፣ ጥፋቴን። መንገድ ላይ ቃሉን እየተለማመድኩ ሄድኩ።

ተቀብላኝ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ወዲያው አወቀችው። አልጮኸችም። ፊቱና የሸሚዙ ነጭ ኮሌታ ብቻ ነው የሚታየው፣ የቀረውን ቆርጬዋለሁ። አውራ ጣቷን ሽፋሽፍቱ ላይ አሳለፈች።

«ዓይኑን ማን ከደነለት?» አለችኝ።

ከሞተ በኋላ የተነሳ መስሏት ነበር። ሬሳው የተገኘ፣ የታጠበ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ መስሏት ነበር። የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ያገኙት ሰዎች ናቸው አልኳት። ቀበሩት ወይ አለች። ቀበሩት አልኳት፣ ሾላ ሥር። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የዚህኛው ልቅሶ ድምፅ ያለቀሰችበትን ያን ሦስት ቀን ጨዋታ አስመሰለው። ስትጨርስ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ አትሄድም። በሄድኩ ቁጥር ግን ቀብሩን ንገሪኝ ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። ዝናብ ነበር ወይ? አልነበረም። ብዙ ሰው ነበር ወይ? ስድስት ሰው። ባለፈው እሁድ፣ ጸሎት ያደረገለት ማን ነው አለችኝ። አንድ መምህር አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝ፤ ሌላ ስም አልመጣልኝም፣ ያንተን ነገርኳት።

አባባ፣ እንዳልረሳህ አትስጋ። ብፈልግም አልችልም፤ ውሸቴ እንዳይፋለስ ያልኩትን ሁሉ ከነዝርዝሩ መያዝ አለብኝ፣ አንተም እዚያ ውስጥ ነህ፣ ሾላው ሥር ቆመህ ባልቀበርከው ልጅ ላይ ትጸልያለህ። ይህን እስክሞት እይዝልሃለሁ። አዴ ብርቄ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስምህን እየጠራች እግዚአብሔር ዕድሜ እንዲሰጥህ ትለምናለች።

ልጅህ ትዕግስት