የሸክላው ጀርባ

ሰኞ፣ ኦገስት 29

አንድ ጆንያ ቀይ ቃሪያ ገዛሁ። ለማን እንደምጠብሰው እንጃ... እጄ ስለለመደ ነው።

ዳቦ ቤት ስደርስ ሬዲዮው ይጮኻል። ዳቦ ጋጋሪው ኡሮሽ ሲያየኝ ዘሎ አጠፋው። ክርኑ ሊጡ ውስጥ ገባ። "ይቅርታ እትዬ ቪዶሳቫ፣ አላየሁዎትም!"

ያ ድምፅ... የቲሆሚር ነበር? የልጄ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 31

ነበር።

ከልጄ ጋር አኮርዲዮን ይጫወት የነበረውን ሚሉንን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሊሸሸኝ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ከቀብሩ ወዲህ ቤቴን ረግጦ አያውቅም።

"ምን እየተዘፈነ ነው?"

"እትዬ ቪዶሳቫ... የሸክላው ጀርባ ነው። ለመሙያ ያደረግነው።"

የሸክላውን የፊት ዘፈን አውቀዋለሁ። ቲሆሚር ክረምቱን ሙሉ የተንገበገበበት የፍቅር ዘፈን። ማንም አልሰማውም። ጀርባው ባዶ እንዳይቀር ብለው፣ ስቱዲዮው ሊዘጋ ሲል ቆመው የቀለዱት "እማ ቃሪያው አረረ" ነው አገር የያዘው። ሾፌሮች ናቸው ያነሱት አለኝ። ልጄ ይህን አላየም። ሸክላው ሳይወጣ ነው በፌብሩዋሪ፣ ከሠርግ ሲመለስ፣ መኪናው በረዶ ላይ የተገለበጠው።

"መጨረሻ ላይ የሚለውማ..." አለና ሚሉን አፉን ያዘ።

"ምን ይላል?"

"ራስዎ ቢሰሙት ይሻላል።" እብስ አለ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 1

በምን ልስማው? ሙት ዓመቱ እስኪደርስ እቤታችን ዘፈን የለም። የባሌ እህት ዛጎርካ በቀብሩ ዕለት የሬዲዮውን ገመድና የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ በመሐረብ ቋጥራ ወስዳለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ጳጳስ እሷ ናት።

"መርፌዋን ስጪኝ።"

"ለምን?"

"ልጄን ልስማው።"

"ሰው ምን ይላል? እናቲቱ ሐዘኗን ሳትጨርስ ታስጨፍራለች?"

ሰው... ሰው እኮ ሰምቶ ጨርሷል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 6

በሄድኩበት ሁሉ ጸጥታ ይቀድመኛል። መስኮት ይዘጋል። ቀለም ቀቢው ሬዲዮኑን ባልዲ ውስጥ ከተተው። ባልዲው ደግሞ ቀለም ነበረበት። ዛሬ ሠርገኞች ሲጨፍሩ አገኙኝና ሁሉም ቀጥ አሉ፤ ሙሽራዋ እንኳ አንገቷን ደፋች። ምስኪን። ቀብር አደረግኩባት።

"እማ ቃ..." ይልና ይጠፋል። ከዚያ አልፌ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 10

ዛጎርካ ወለል እያጠበች ታንጎራጉራለች።

"ምንድን ነው የምትዪው?"

"የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው።"

"በቤተ ክርስቲያን ቃሪያ ይጠበሳል እንዴ?"

ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 13

ማንም የማያውቀኝ አገር ልሂድ ብዬ በአውቶቡስ ክሩሼቫትስ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት በሾፌር ተሞልቷል። ዘፈኑም ተከፍቷል! በሩን ከፈትኩ። አሳላፊው ጥቁር ልብሴን አየና አጠፋው። ሾፌሮቹ ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር፣ እናታችን።"

የቦሎቄ ወጥ በነጻ አቀረቡልኝ። በንዴት በላሁት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 14

ለዛጎርካ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር... እየሳቀች ወንበር ላይ ወደቀች።

"እኔም እኮ መጨረሻውን አልሰማሁትም። እኔም ጥቁር ለብሻለሁ። ኡሮሽ እኔንም ሲያየኝ ያጠፋዋል።"

"እንግዲያው መርፌዋን አምጪ።"

"እቤት ውስጥማ አይሆንም!" አለችና ሳጥኗን ከፍታ ሁለት ባለ አበባ የራስ ሻሽ አወጣች። "ክሩሼቫትስ ግን ቤታችን አይደለም።"

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

ሻሹን አውቶቡስ ውስጥ አሰርን። ዛጎርካ የወጣትነቷን ካፖርት ደርባለች፤ አንድ ቁልፍ ነው የሚቆለፍላት። ምግብ ቤቱ ስንገባ ሾፌሮቹ አላወቁኝም። አንዱ እንዲያውም ዛጎርካን ጠቀሳት። "ባለጌ!" አለች። ግን ሻሿን አስተካከለች።

ዘፈኑ መጣ። ሞኝ ዘፈን ነው። እናቱ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች፣ እሱ መስኮት ላይ ሆኖ ይጣራል። እማ ቃሪያው አረረ፣ እማ ድስቱ ገነፈለ... እኔን ነው እኮ! አገር ፊት አዋረደኝ! ስስቅ አፌን በሻሹ ያዝኩ።

ከዚያ ሙዚቃው ቆመ። ከሸክላው ውስጥ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን አነሡ። ልጄ፣ ሳይዘፍን፣ በራሱ ድምፅ፦ "በቃ ይሄ? ጀርባ ነው፣ ማን ይሰማዋል። ኑ እማ ጋ እንሂድ፣ ርቦኛል።"

ምግብ ቤቱ ሁሉ አብሮት ጮኸ፦ "ኑ እማ ጋ እንሂድ፣ ርቦኛል!"

ዛጎርካ በሻሿ ተናፈጠች። እኔ... "ድገሙት" አልኩ።

ደጋገሙት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ከክሩሼቫትስ በተመለስን ዕለት ማታውኑ ወደ ሚሉን ሰው ላክሁ። ርቧችሁ ከሆነ እኔ እዚሁ ነኝ ብዬ። ሲፈሩ ሲቸሩ ቆይተው ዛሬ መጡ፤ የልጄ ባንድ ልጆች አራቱም፣ ከነመሣሪያቸው። ዛጎርካ በሩ ላይ ቆማ ፈረደች፦ "ሰው ይገባል። አኮርዲዮን አይገባም።"

ከበሉ በኋላ ሚሉን ደረጃው ላይ ያለውን አኮርዲዮን በዓይኑ ይፈልጋል። ዛጎርካ አየችው። ብዙ አሰበች።

"ደረጃው ደጅ ነው" አለች። "ደጁን ማንም አልከለከለም።"

ወጥቶ ተቀመጠና ጀመረ። በሩን ከፍቼ እኔም ጥቁሬን እንደለበስኩ አጠገቡ ቆምኩ። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ አንድ የማላውቀው ሰውዬ አየኝ። ደነገጠ፤ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

"ኮፍያህን አድርግ፣ ይበርዳል" አልኩት። "ርቦሃል?"