እንየው ለልጃችን ሽማግሌ ላከ

ለውድ ባለቤቴ ለአንማው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርህን ካወጣሁ በኋላ ልቤ ትንሽ ያርፋል ብዬ ነበር፤ ሰዉ አላሳርፍ አለኝ። ይህን የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው። ከንዴቴ አንተም ድርሻ አለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናህ አልተሸጠም፤ በረንዳው ላይ እንዳለ ነው፤ እኔ ተቀምጬበታለሁ። ቀሚስና የልጆች ልብስ እሰፋለሁ። ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ በሴት እጅ መለካት አፍረው ወደ ደምበጫ ይሄዱ ነበር። አሁን ጨርቃቸውን በሚስቶቻቸው እጅ ይልኩና "በድሮው ልኬ ይሁን" ይሉኛል። የድሮው ልካቸው የት አለ፤ ሁሉም ወፍሯል። ጣሪያውን ክረምት ሳይገባ አሳድሼዋለሁ። ልጃችን ይታይሽ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሆና ተቀጥራ ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች። ድምፅዋ አንተን ነው የወጣው፤ ክፍል ውስጥ ስትናገር መንገድ ላይ ይሰማል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። እንየው ለልጃችን ሽማግሌ ላከ።

አዎ፣ ያው እንየው። ከፈረስ ቤት መጥቶ በጎረቤታችን በእህል ነጋዴው መጋዘን የሚሠራው ኳስ ተጫዋች። የቡድኑን ማሊያ ስትሰፋ የሱን ቁጥር ከሌሎቹ አስረዝመህ ቆርጠህ፣ ብጠይቅህ ጨርቁ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ያልከኝ።

ወሬው አንተ ከሄድክ ወዲህ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ስሙን ደብረ ማርቆስ አድርሰውታል። በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ሰው መጥቶ ሊወስደው ነው ይባላል፤ እስካሁን የመጣም የወሰደውም የለም። ባለፈው ሰርግ ላይ አዝማሪው ሙሽራውን ትቶ እሱን ሲያወድስ አመሸ፤ የሙሽራው አባት ተቆጥተው ተነሡ። ስሙ ሲነሳ ግማሹ ከተማ ደረቱን ይነፋል፣ ግማሹ ፊቱን ያጨማድዳል።

የሚጠሉት ለምን እንደሚጠሉት አንተ ታውቀዋለህ። ኳስ አያቀብልም። አብዶውን ይሠራል፣ አንዱን ያልፋል፣ ሌላውን ያልፋል፤ ጓደኛው ጎሉ አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ እሱ የሚያልፈው ሰው ፍለጋ ተመልሶ ይዞራል። ቡሬዎች የመጡ ዕለት ደግሞ ሪጎሬዋን ማንም አይመታትም ብሎ ራሱ መትቶ፣ ከጎሉ በላይ አሻግሮ የሰው በቆሎ ውስጥ ጣላት። ያን ቀን እራትህን አልበላህም። ወንድምህ ሙላት ከቡሬዎቹ ጋር መጥቶ ስለነበር እየሳቀ ሊሰናበትህ ቢገባ ፊትህን አዙረህ ተቀመጥክ። በሚቀጥለው እሁድ እንየው አግብቶ ቡድኑ ሲያሸንፍ ግን "ይኼን ልጅ የሰጠን እግዜር ነው" እያልክ ገባህ። እርግማኑንም ምርቃቱንም ካንተ አፍ ሰምቻለሁ፤ ቁርጡን ግን ነግረኸኝ አታውቅም።

የቀብርህን ቀንም ልንገርህ፣ አንተ አላየኸውምና። ዝናብ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ጭቃ ሆኖ እግር አያስቆምም። እንደ ወጉ ሰዉ እየተቀባበለ ሊሸከምህ፣ ሁሉም ድርሻውን ሊያገኝ ይጠብቃል። እንየው የቃሬዛህን የፊተኛ ጫፍ ያዘና ለማንም አልለቅም አለ። ጎረቤት ለመነው፤ ሙላት ትከሻውን ቢያቀርብለት ራሱን ነቅንቆ አለፈው። ከቤት እስከ መቃብርህ ድረስ ሳያቀብል ተሸከመህ። ሲያወርድህ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ ደም ነክቶት አየሁ። ግማሹ ሰው ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው አለ። ግማሹ በሬሳም ላይ ብቻውን መታየት ይፈልጋል አለ። ሙላት እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም፤ የወንድሜን የመጨረሻ ሸክም ቀማኝ ይላል። እኔ ሸሚዙን ሳስብ ልጁን እወደዋለሁ፣ የሙላትን ፊት ሳስብ እበሽቅበታለሁ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ይመጡብኛል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የነፍስ አባታችን፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርና እህል ነጋዴው። ለምን እንደመጡ ስለገባኝ ዶሮ ሠርቼ፣ ጠላ አዘጋጅቼ ጠብቄያለሁ። ይታይሽ መጋረጃው ጀርባ ናት። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ነጋዴው የልጁን ጨዋነት አነሣ፣ ጉልበቱን አነሣ፣ ከዚያ ሳይታወቀው ኳሱ ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ ያቺን ሪጎሬ ባይስታት ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር አለ። ነጋዴው "ኧረ ጃል፣ ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ልጁ ምን ያርግ!" አለ። ዳይሬክተሩም ለሌላው ቢሰጣት ምን ይጎድልበት ነበር አለ። የነፍስ አባታችን ያበርዱልኛል ብዬ ስጠብቅ እርሳቸው ብሰው፣ ልጁ ሲመታ ጎሉን ሳይሆን ሕዝቡን ያይ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ነጋዴው "እርስዎም አባ?" ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ሦስቱም እየተጨቃጨቁ ከግቢው ወጡ። ጠላው አልተቀዳም፣ ዶሮው አልተነካም፤ ልጅሽን ስጪን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ስስቅ ዋልኩ። ሰኞ ሳቄ ቀረ። ሴትዮዋ እንቢ አለች ተብሎ ከተማው ሞላ። ጎረቤት ሳይበሉ ሳይጠጡ መውጣታቸውን አይቷል፤ ሳይበላ የወጣ ሽማግሌ ደግሞ የተከለከለ ሽማግሌ ነው። እነሱም አፍረው እውነቱን አልተናገሩም። እንየውን የሚጠሉት፣ ደግ አደረግሽ፣ አንማውም ቢኖር አይሰጠውም ነበር እያሉ በረንዳዬን አጣበቡት። የሚወዱት የአንማው አጥንት ይወቅስሻል አሉኝ፤ አንዷማ ቀሚሴ ይቅርብኝ ብላ ጨርቋን ይዛ ሄደች። ሁሉም ያንተን ሐሳብ ያውቃል። አብሬህ የኖርኩት እኔ ብቻ አላውቀውም፤ ቁርጡን ሳትነግረኝ ሄደሃላ። ሙላት እንኳ እንኳን ከለከልሽው ብሎ ሊስመኝ ከቡሬ መጣ። እንየው ተከለከልኩ ብሎ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሊገባ ጓዙን እያሰረ ነው ተባለ። በኛ ወግ ደግሞ የሴት ወገን ኑና ጠይቁኝ ብሎ አይልክም። ሳልከለክል ከልካይ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቅሁ። ይታይሽ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ትፈልጊዋለሽ ወይ አልኳት። የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ "እማዬ፣ እሱ ከኔ ጋር ሲጫወት ኳስ የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም። ስለ ኳስ የምታወሩኝ እናንተ ናችሁ" አለችኝ። ታዲያ ምን ያወራሻል ብላት፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ፈረስ ቤት ብርድ፣ ስለሚፈራው ነገር አለች። የሚፈራውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ለካ እኔም እንደ ከተማው ሰው የልጄን ባል ሜዳ ላይ ስፈልገው ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ነጠላዬን ደርቤ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ ልጄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ያልተጠየቀ ሰው እንዴት እንቢ ይላል?" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ወግ ማፍረሴን አውቃለሁ፤ ግን ወጉን መጀመሪያ ያፈረሱት እነሱ ናቸው።

እሁድ ተመልሰው መጡ። ኳስ ሳያነሡ፣ ቆመው፣ ልጅሽን ለእንየው ስጪን አሉ። ከዘመድ ልማከር ብዬ ቀጠሮ መስጠት ነበረብኝ። ዘመድ ማለት ሙላት ነው፤ ሙላት የሚለውን አገር ያውቀዋል። እዚያው ሰጥቻለሁ አልኳቸው። ተቀመጡ፣ በሉ፣ መርቀው ሄዱ። እንየውን ወድጄው እንዳይመስልህ። ስለሱ ዛሬም ቁርጥ ሐሳብ የለኝም፤ የልጄን ሐሳብ ብቻ አውቃለሁ። ሙላትንም ራሴ ቡሬ ድረስ ሄጄ እለምነዋለሁ፤ ያኮርፋል፣ ከዚያ ይመጣል።

ከሄዱ በኋላ ቤቱን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ብትኖር ኖሮ በዚያ ሰዓት እንጣላ ነበር። ሰጠሁ ብል ምን ቆርጦሽ ትለኝ ነበር፤ ከለከልኩ ብል እንየውን እያወደስክ ትቆጣኝ ነበር። ደግነትህን ሌላው ያስታውስልህ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ክርክርህን አልረሳም፣ ቃሌ ነው። እንደዚያ ቀን ግን ጎድለህብኝ አታውቅም። የልጃችንን ነገር ብቻዬን ቆርጬ፣ ቤቱ ውስጥ ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው አጣሁ።

ባለቤትህ የሺ