መጽሐፍ በቆጮ ጉድጓድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ጩማ፣ ባለህበት ደቡብ አፍሪካ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ የጉልበት ቁርጥማት ተሻለህ ወይ? እዚያም አሁን ብርድ ነው ይሉኛል። ሱቁስ? አብረውህ የሚሠሩት ልጆችስ? በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ሥራ ሲበዛ ምሳህን ትረሳለህ? እኔ እህትህ አገርነሽ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሶዶ ዝናቡ ሳይሰስት ይወርዳል፤ የዳሞታን ተራራ ካየነው ሰንብተናል። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በሚመጣው በዳና እጅ ልኬልሃለሁ። በስልክ ስናወራ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም፤ ዛሬ እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

ነገሩ እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው የልጅህ የሰርካለም ነው። ሚያዝያ መግቢያ ላይ «ልቦለድና ቴሌቪዥን ጭንቅላቷን አዙረውታል፤ ዘጠነኛን ስትጨርስ ትምህርቱ ይብቃት፣ እናቷ ዘንድ ወደ ተበላ ከተማ ትመለስ» ብለህ ፈርደህ ነበር። የፈረድከው እኔ በነገርኩህ ነው። ከሳሿ እኔ ነበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ቃሌን የምለውጠው እኔው ነኝ።

ክሴን ታስታውሳለህ። ዲሹን ካስተከልን ወዲህ ልጅቷ ተለወጠችብኝ። በአማርኛ የተተረጎመውን የውጭ አገር ድራማ እያየች ከተዋናዮቹ ጋር ታለቅሳለች፤ ማስታወቂያ ሲገባ ደግሞ ይባስ ብላ ትጠጋለች። አንዲት ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ ሴት አለች፣ የቅባት ጠርሙስ ይዛ የምትሽከረከር። እሷን ካየች ጀምሮ ሰርካለም ፀጉሬን ቅቤ አልቀባም አለች። እሱስ ይሁን። እኔ ከቅቤ ተራ ስገባ ግን ተነስታ መስኮት መክፈት ጀመረች። አንድ ቀን ለጓደኞቿ «አክስቴ ቢሮ ነው የምትሠራው» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅቤ ስሸጥ ማንም እንደዚያ አላሳፈረኝም።

ለአንተ ከመደወሌ በፊት ግን ሌላ ነገር አድርጌ ነበር፤ እሱን አልነገርኩህም። ሪሞቱን፣ ከገብረአማኑኤል ተከራይታ ከምታነበው ልቦለድ ጋር በኮባ ጠቅልዬ ጓሮ ካለው የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ገብረአማኑኤል በመናኸሪያው መንገድ መጽሐፍ የሚያከራየው ሰውዬ ነው። በላስቲክ ብጠቀልለው ይሻል እንደነበር አሁን ገባኝ። ያን ጊዜ ግን ቅቤውንም ቆጮውንም የምናኖረው በኮባ ነው፣ መጽሐፍ ምን ይሆናል ብዬ! ሰርካለም ሦስት ሳምንት ቤቱን ስታተራምስ እኔ «እንጃ» እያልኩ ዞር እላለሁ። በመጨረሻ ጎረቤቴ ቦሼ ለፋሲካ ቆጮ ስታወጣልኝ ሪሞት በእጇ መጣላት። በወላይትኛ ፈጣሪዋን ጠርታ ስትጮህ ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ቅሌቴን አስበው።

ሰርካለም ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን መጽሐፉን ከኮባው ፈታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፤ ቆይታ «አክስቴ፣ የቀበርሽውን አንብበሽዋል?» አለችኝ። እንኳን ላነበው ርዕሱንም አላየሁት። «ግማሽ ላይ ነበርኩ፣ አብረን እንጨርሰው» ስትል ጥፋተኛ ነኝና እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ተራ በተራ አነበብን፤ የእኔ የማታ ትምህርት ንባብ እያነከሰ። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷ ከተማ ስትማር እናቷ ድስት ተሸክማ ልትጠይቃት ትመጣለች፤ ልጅቷም በጓደኞቿ ፊት «አላውቃትም» ትላለች። ይህ ያለው ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ነው። ሰርካለም እዚያ ሳትደርስ ነው እኔ የቀበርኩባት! እዚያ ስንደርስ የንባቡ ተራ የእሷ ነበር። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም፣ እኔም ላያት አልቻልኩም። እንባችን ይወርዳል፣ ገጹ ደግሞ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ስንመልስለት ገብረአማኑኤል አሸተተውና «ክትፎውስ የታለ?» አለን።

በግንቦት የዞኑ ትምህርት ቤቶች ክርክር እዚህ ሶዶ ተደረገ። ርዕሱ ሥነ ጽሑፍ፣ ቴሌቪዥንና ማስታወቂያ ወጣቱን ያንፁታል ወይስ ያበላሹታል የሚል ነበር። ሰርካለም ያንፁታል ለሚለው ወገን ተመረጠች። ፍርድህን ነግሬያት ስለነበር ጠዋት ስትወጣ «ካሸነፍኩ ለአባቴ ትጽፊልኛለሽ?» አለችኝ። ያኔ ነው ልጅቷ ምን ያህል እንደፈራች የገባኝ። ገበያዬን ጥዬ ሄድኩ።

ከበዴሳ የመጣ ታምራት የሚባል ልጅ ተቃወማት። አቤት አንደበት! ስለ ሱሱ፣ ስለ አለባበሱ፣ ቤተሰብ ስለመናቁ ሲናገር አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩለት፣ የራሴን ክስ ነዋ የሚያነበው። ሰርካለም ተነሳችና «ታምራት እውነቱን ነው» ብላ ጀመረች። ቀጥላ ግን እንዲህ አለች። «አክስቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። እኔ ቢሮ ትሠራለች ብዬ ዋሽቻለሁ። በእሷ እንዳፍር ያደረገኝ ማስታወቂያ ነው፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያየሁት። ማፈሬን ያሳፈረኝ ደግሞ ልቦለድ ነው፤ ከእሷ ጋር ያነበብኩት። አትዝጉብን፣ አብራችሁን ተቀመጡ።» ከዚያ «አክስቴ ያቻትና!» ብላ በጓደኞቿ ሁሉ ፊት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ነጠላዬ ላይ የቅቤ ወዝ አለ። ብድግ አልኩና እልልታዬን ለቀቅኩት፤ ሰብሳቢው ጸጥታ ቢለምን ማን ሰምቶት! አንደኛ ወጣች። ታምራት ራሱ መጥቶ ጨበጣት። በማግስቱ ቅቤ ተራ ስገባ ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሉኝ፤ ያን ቀን ከወሬው ብዛት ሥራም አልሠራሁም።

መልአክ ሆነችልህ አልልህም። አሁንም ቅቤ አትቀባም፣ ተውኳት፤ ፀጉሩ የእሷ ነው። ድራማውንም አልተወችም፤ እንዲያውም እኔንም አስለከፈችኝ። ማስታወቂያ ሲመጣ ግን «ይቺ ሴት ይህን ባትቀባ ፀጉሯ ይረግፍ ነበር?» እያልኩ እነዘንዛታለሁ፣ እሷም ትስቃለች።

ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ወደ አሥረኛ አልፋለች። ባለፈው ሰኞ ምዝገባ ነበር። ቅጹ ላይ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚል ቦታ አለ፤ እስክሪብቶውን ሰጥታኝ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አንተን ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ፈርሜያለሁ። ተበላ አትሄድም። ቁጣ ካለህ ለእኔ ላከው፣ እችለዋለሁ።

እናቷ ብርሃኔ ከተበላ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ አንተን ፈርታ ዝም አለች እንጂ ልቧ ከእኔ ጋር ነው። ቦሼ ሰላም ትልሃለች፣ ዛሬም እየሳቀች። ገብረአማኑኤልም ሰላም ብሎሃል። ሰርካለም ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም፣ ደብዳቤው ሲደርሰው ራሴ እደውልለታለሁ ብላለች። ድምፅህን እስክትሰማ ትንፋሿን ይዛ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ስልኩን ስታነሳ፣ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት «እንኳን ደስ አለሽ» በላት።

እህትህ አገርነሽ
ወላይታ ሶዶ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.