ኦጁሉ የተወው ክፍተት

ሰኞ
ፋይሉ አልጠፋም። ወንድሜ ይሠራበት በነበረው ቢሮ ጸሐፊዋ እትዬ አልማዝ ኮምፒውተሩን ስትከፍትልኝ ስሙ ከንድፉ ጥግ እንደነበረ አለ፤ ኦጁሉ። ወባ ከወሰደው ሁለት ሳምንቱ ነው። ንድፉ ኢታንግ ለሚሠራው ክሊኒክ ነው፤ የጣሪያውን ውሃ ከአሸንዳ ወደ ታንከር የሚያወርድ የላሜራ ቱቦ። አለቃው አቶ ጌታሁን፣ «ስህተት አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው በራሱ ስም አዲስ ይሠራዋል» አሉኝ። ስህተት? ኦጁሉ? እንዳርመው እስከ ዓርብ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንኩ። አይ፣ አልለመንኩም። ጠየቅሁ።
«አንተ ልጅ፣ ሐዘን ላይ ነህ። ሄደህ ከእናትህ ጋር ተቀመጥ።»
«ብቀመጥ ስህተቱ ይታረማል?»
እትዬ አልማዝ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እሳቸው አልሳቁም። «እስከ ዓርብ» አሉ።

ማክሰኞ
ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቢሮ። ኦጁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኑ አስቀምጦ ያስተምረኝ ስለነበር ማውሱ አላስቸገረኝም። ስህተት የተባለውን አገኘሁት። ቱቦው ከላይ እስከ ታች ክር የምታህል ክፍተት አለው። ውሃ ያፈሳል! አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ ዘጋሁት። ሙሉ ክብ ሆነ። አማረ።

ረቡዕ
ቱቦው አልዘረጋም አለ። ቆርቆሮ ሠሪው ላሜራውን የሚቆርጠው ጠፍጣፋ ሆኖ በተዘረጋ ንድፍ ልክ ስለሆነ፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ቱቦውን መልሶ ዝርግ ማድረግ አለበት። አሥር ጊዜ አዘዝኩት፣ አሥር ጊዜ እምቢ አለኝ። ከዚያ መብራት ሄደ።
ቤት ስገባ፣ ሰሌን ላይ ከተቀመጡት ለቀስተኞች መሃል የአጎቴ ልጅ ኡመድ፣ «ወንድሙ አፈር ገብቶ እሱ ቴሌቪዥን ያያል» አለ፤ ኮምፒውተሩን ማለቱ ነው። «አንተስ ለቅሶ መጣህ ወይስ ለወጡ?» አልኩት። እናቴ ተቆጣችኝ። አልተጸጸትኩም። ትንሽ ብቻ።

ሐሙስ
ንድፉን አትሜ ገበያ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው መዶሻቸውን አስቀምጠው ሳቁ።
«ዘጋኸው? ጎበዝ! ላሜራ እኮ ዝርግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለት ጠርዝ ከሌለው ከየት ጀምሮ ይዘረጋል? ወንድምህ ክፍት ይተዋል፣ እኔ አጥፌ እቆልፋለሁ። ይቺን ጠርዙ ላይ ያተረፋትን ትርፍ አየሃት? የእኔ ናት፤ ለማጠፊያ።»
ኦጁሉ አንድ ቀን የዘይት ጣሳ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ቀድዶ፣ ዘርግቶ አሳይቶኝ ነበር። እንዴት ረሳሁት! ቢሮ ድረስ ሮጥኩ። ክፍተቱን መለስኩ። በአንድ ትእዛዝ ተዘረጋ። የተሳሳትነው እኔና አቶ ጌታሁን ነን። ኦጁሉ አይደለም።

ዓርብ
አቶ ጌታሁንን ገበያ ድረስ አመጣኋቸው። እያጉረመረሙ መጡ። ጋሽ ሽፈራው እንደ ንድፉ ቆረጡ፣ ጠቀለሉ፣ ጠርዙን በጠርዝ አጥፈው ቀጠቀጡ። አንድ ጀሪካን የባሮ ወንዝ ውሃ አፈሰስኩበት። በታች ወጣ። በጎን አንድ ጠብታ የለም።
አቶ ጌታሁን መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሠራል። ስሙ ግን… ነገ ጥያቄ ቢመጣ የሞተ ሰው አይመልስም።»
«እኔ እመልሳለሁ።»
«ሰኞ እናያለን» ብለው ሄዱ።
ጋሽ ሽፈራው ምስማር አቀበሉኝ። «እሳቸው ሰኞ ይዩ። አንተ ዛሬ ጻፍ።» ከቱቦው አፍ በታች፣ አጥልቄ ጫርኩት። ኦጁሉ።
ሰኞ ወረቀቱ ላይ የማንን ስም እንደሚያኖሩ አላውቅም። ቱቦው ግን ኢታንግ የሚሄደው ከነስሙ ነው።